በባላንጣዬ ጎታ

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ዘር ይለዋወጥ ነበር። ይኼን ለውጭ ሰው ስናገር ይስቃል። ይሳቅ። እንግዳ የሰው አገር ወግ መጀመሪያ ይስቅበታል፣ ኋላ ሲርበው ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ቤት ለክፉ ቀን የሚሆን ዘር በሌላ ቤት ማኖር አለበት። በረዶ አለ፣ ነቀዝ አለ፣ እሳት አለ፣ ጠጪ ባል አለ። ታዲያ የት ይኑር? "ወዳጅ ቤት" ያላችሁ እንደሆነ ወዳጅነትን አታውቁትም ማለት ነው። ወዳጅ ደግ ሰው ነው። ክረምቱ ሲከብድና ልጆቹ ሲያለቅሱ ግን "አንጓች እንደሆነች ይቅር ትለኛለች" ይልና ዘሬን ቆልቶ ያበላቸዋል። እኔም ይቅር እለዋለሁ። ይቅርታዬ ግን አይበቅልም።

ባላንጣ እንዲያ አያደርግም። ባላንጣ በእኔ ፊት ከሚዋረድ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። የጠበኛውን ዘር የበላ ሰው "ቆሎ በላ" ተብሎ እስከ ሰባት ቤት ይጠራበታል፤ ሴት ልጁን የሚጠይቅ የለም፣ እድር ላይ ቃሉ አይሰማም። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ዘራቸውን ለጠበኛ ሰጡ፣ የጠበኛቸውን ተቀበሉ፣ በሰላም ተኙ።

ጠብ የሌለው ቤት በእኛ ዘንድ የሚታዘንለት ቤት ነበር። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ከማን ጋር ነው የተጣላችሁት?" ብሎ ነው። "ከሁሉም ጋር በሰላም እንኖራለን" ያሉት እንደሆነ ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያይተው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። ከእኛ በላይ አንድ የዋህ ሰው ነበር፤ እንኳን ሰው ዶሮ አይቆጣም። ሚስቱ ቢጨንቃት ገበያ ይዛው ወጥታ የአንድ ተራራ ማዶ ሰው ማሰሮ በእግሩ አሰበረችው። የማሰሮው ጌታ ተሳደበ፣ እሱም ሳይወድ በግድ መለሰ፣ ተጣሉ፣ ተባረኩ። በዚያ ጠብ ነው በቀበሌያችን ታይቶ የማይታወቅ ጎንበስ ያለ ቀይ ማሽላ የገባው። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ "የማሰሮው" ይሉታል።

እኔ የወረስኩት ጠብ የእናቴ ነው። ወንዙ ማዶ፣ ረግረጉ ላይ ከሚኖሩት ከነደብሪቱ ጋር። ደብሪቱ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ እናቷና እናቴ ናቸው የጀመሩት። እኛ "በዶሮ ነው የተጣሉት" እንላለን። እነሱ "ዶሮ አልነበረም፣ አውራ ዶሮ ነበር" ይላሉ። በዚህም ተጣልተናል። የእኛ ዘር ቁጡ ገብስ ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ ፂሙ እጅ ይወጋል። የእነሱ ጥቁር ዓይን ያለው ባቄላ ነው። የእኔ ገብስ በእሷ ጎታ፣ የእሷ ባቄላ በእኔ ጎታ።

ዘር ታዲያ ተቀምጦ ብቻ አይኖርም፤ ካልተዘራ ያረጃል። ጠበኛህ በየዓመቱ በማሳው ጥግ ይዘራልሃል። የእኔ የጉብታ ገብስ በእነሱ ረግረግ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ ይለምዳል። የእነሱ ባቄላ በእኛ ብርድ ይጠነክራል። አውድማ ሲነሳም ሁሉም ሰው የጠበኛውን ዘር በቅል ይዞ ወደ መልካው፣ ወደ ወንዙ መሻገሪያ፣ ይወርዳል፤ ባለቤቱም የሚያስፈልገውን ያህል ይረከባል። የስድብ ቀን እንለዋለን።

ያ ቀን ይናፍቀኛል። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ሰው እንደ ገበያ ሞልቶ፣ ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተው፣ ሴት ትጀምራለች። ከጠበኛሽ ዘር እፍኝ ትዘግኛለሽ፣ ከፍ አድርገሽ ለሕዝብ ታሳያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ነውሩን ሁሉ ትዘረዝሪያለሽ። መዋሸት አይቻልም። የውሸት ስድብ የተሳደበ ውሃ ይረጭበታል።

"አንጓች!" ትላለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋ ድንጋይ ይሰነጥቃል። "ይኼ ገብስሽ እንዳንቺ ነው! ጠዋት ቀድሞ ይነሳል፣ ሥራ ግን የለውም! ነሐሴ ላይ ነፋስ ቢነካው እንደ ባልሽ ከሠርግ መልስ ተጋደመብኝ!"

ባሌ ቢሻው እዚያው አጠገቤ ቆሞ ከሰው ሁሉ በላይ ይስቃል።

"የተጋደመው ፍግ አጉርሰሽው ነው!" እላለሁ። "እጅሽ ልክ አያውቅም! የአንቺ ባቄላ ደግሞ ውርጭ ባየ ቁጥር ራሱን ይደፋል፣ እንደ አባትሽ በዳኛ ፊት! ከመስከረም በፊት ካልተዘራ እንኳን ለሰው ለአይጥ አይበቃም!"

"አይጥሽም እንዳንቺ ሆዳም ነች!"

"ገብሴንስ ምነው ወፍ አልበላብሽ?"

"ማን ይበላዋል! አንዱ ወፍ ቢሞክር አፉን ወግቶት እየጮኸ ሄደ!"

ሕዝቡ ይስቃል። እኔ ግን ቤቴ የምገባው ገብሴ ፍግ እንደማይወድ፣ ወፍ እንደማይደፍረው አውቄ ነው። እሷም ባቄላዋን መቼ እንደምትዘራ ሰምታ ነው። የተሰደበ ሰው ስድቡን አይረሳም። በአገራችን ስለ እህል የሚታወቀው ሁሉ የተጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ የፍቅር መሥሪያ ቤት መጣ።

ዋናው ከተማ ያሉ ሰዎች በአገሩ ያለውን ፍቅር አስለክተው ኖሯል። የእኛ ወረዳ ከሁሉ መጨረሻ ወጣ። አፈሩ፤ እኛም "እፈሩ" ተባልን። የዕርቅ ሹም ተላከልን፣ ልሳነወርቅ የሚባል። ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ ለስላሳ፣ እንባው ቅርብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲጨባበጥ ካየ መሐረቡን ያወጣል። በየማሳው እየዞረ "ወገኖቼ፣ እንዴት ተጣልታችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?" ይል ነበር። እኛ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደን ስለተጣላን እንደነበር ማን ያስረዳው።

የዕርቅ ሳምንት ታወጀ። ጠበኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከአንድ ዋንጫ ጠጡ፣ እጃቸው በነጭ ክር ታሰረ። አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። የአባቶቻቸው ጠብ ያንገሸገሻቸው ሽማግሎች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ድግስም ሆነ። ድግስ እህል ይፈልጋል። ጎታ ሲከፈት የጠበኛ ዘር ተቀምጧል። "ምን ቸገረኝ፣ ከእንግዲህ ወንድሜ አይደል? ይቅር ይለኛል" አለ አንዱ። ሌላውም አለ። በዚያ ሳምንት አገራችን ዘሯን ጠመቀች። ቀይ ማሽላው፣ ነጩ ማሽላ፣ ክረምት የሚችለው ስንዴ፣ ድርቅ የሚችለው ስንዴ፣ አያቶች ስሙን ብቻ የሚያውቁት እህል ሁሉ በአንድ ጋን ገባ። እንደዚያ ያለ ጠላ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ተጠጥቶ አያውቅም። የጠጡት እስከ ዛሬ ጣዕሙን እያነሱ ይቆጫሉ።

ሹሙ ባዶ ጎታ ሲያይ አዘነልንና ስጦታ አስመጣልን። ሰላሜ የሚባል ስንዴ። አንድ ቀለም፣ አንድ ቁመት፣ በአንድ ቀን የሚያሸት።

"ጠብ ከቅናት ይወለዳል" አለን አደባባይ ላይ። "ቅናት ደግሞ ከልዩነት። ማሳችሁ ሁሉ እኩል ከሆነ ማን በማን ይቀናል?"

ቁመት ለኪ የሚባል ሠራተኛም ተቀጠረ። ዘንግ ይዞ በየማሳው ይዞራል። ከዘንጉ በላይ የወጣ ዛላ ካገኘ፣ ጎረቤት እንዳይከፋው በመቀስ ይቆርጠዋል። ሲቆርጥም በትሕትና "ይቅርታ" ይላል።

"ኧረ አንጓች፣ ነይ እይ" ይለኛል ቢሻው ደጃፍ ላይ ቆሞ። "አገሩ ሁሉ አንድ ምንጣፍ መሰለ እኮ!"

"ምንጣፍ ይበላል?"

"አንቺ ደግሞ ደስታ አይስማማሽም።"

ሳንታረቅ ሁለት ሰዎች ቀረን። እኔና ደብሪቱ። ተመካክረን አይደለም፤ ተጣልተን እንዴት እንመካከራለን? ግን እሷም እምቢ አለች፣ እኔም እምቢ አልኩ።

ሹሙ ቤቴ ድረስ መጣ። መደብ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣

"እትዬ አንጓች፣ ለመሆኑ ምን አደረገችዎት?" አለኝ።

"እናቴን ሰድባለች።"

"ደብሪቱ?"

"እናቷ። እሷም ያኔ ብትደርስ ትሳደብ ነበር።"

"ታዲያ ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ይቅር ይበሉ።"

"ገብሴን ማን ይጠብቅልኝ?"

"ወዳጅ ይጠብቅልዎታል፣ እናቴ!"

"ወዳጅማ የያዘውን ዘር ጠምቆ ጨረሰው፣ ጌታዬ። እርስዎም አንድ ዋንጫ ጠጥተዋል።"

መሐረቡን አወጣ። ሲወጣ አልተቆጣም። መልካው ላይ ግን ሰሌዳ አስተከለ፦ "እዚህ ቦታ ሁለት ሴቶች ይጠላላሉ" የሚል። ተማሪዎች በመምህራቸው እየተመሩ መጥተው ያዩን ጀመር።

የስድብ ቀን ሲደርስ ብቻችንን ወረድን። ያ ሁሉ ሕዝብ የሞላበት ዳር ባዶ። መንገደኛ ሲያልፍ ስለ እኛ አፍሮ ፊቱን ያዞራል። ደብሪቱ ብቻዋን ከወዲያ፣ እኔ ብቻዬን ከወዲህ፣ በመካከላችን ውሃው። ጮኸን ስንጨርስ የሚስቅ የለም። አንድ ዓመት ላይ ድምፅዋ ሰልሎ "ዛሬ ይብቃን አንጓች፣ ደከመኝ" አለችኝ። ደነገጥኩ። ደብሪቱ ስድብ ስታሳጥር አይቼ አላውቅም።

በዚያው ዓመት መከር ሊገባ ሲል በረዶ ጉብታዬን መታው። በረዶ እንደዚህ አይቼ አላውቅም፤ ገብሴን ከአፈር ጋር ለወሰው። አንድ ዛላ አልተረፈም። የደብሪቱ ባቄላ ግን ቋጥኝ ሥር ተጠልሎ ተርፏል፤ እንዴት እንደተናደድኩ! የእናቴ ቁጡ ገብስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ሆነ፣ በባላንጣዬ ጎታ።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ ወሬ ደረሰኝ። ደብሪቱ ታማለች፤ ሹሙ ከአልጋዋ አጠገብ ዋንጫ ይዞ ተቀምጧል፤ ልትታረቅ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ልብ በሉልኝ። ደብሪቱ ጠበኛዬ ሆና ብትሞት ገብሴን ማንም አይነካውም። ታርቃ ብትሞት ግን የወዳጅ እህል ይሆናል፤ ተዝካር ደግሞ ጠላ ይፈልጋል። ቢሻው "ሄደሽ ጠይቂያት እንጂ፣ የታመመ ይጠየቃል" አለኝ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ልጠይቃት ሳይሆን ልሰድባት።

ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ደብሪቱ አልጋው ላይ አልቃ ልብስ ብቻ መስላለች። ምራቷ ወለላ ራስጌዋ ተቀምጣ ትዳብሳታለች። ይቺ ወለላ እንደ ስሟ ናት፤ ዝንብ ስታባርር "ተነሺ እናቴ" የምትል ልጅ። ሹሙ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"እግዚአብሔር አመጣዎት!" አለና ዋንጫውን አነሳ።

የምትሞት ሴት መስደብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣

"ደብሪቱ!" አልኩ። "ድሮም መተኛት ይወድልሻል! ገብሴንም መተኛት ያስተማርሽው አንቺ ነሽ!"

ሹሙ ዋንጫውን ሊጥለው ነበር። ወለላ አፏን በእጇ ያዘች። ዘገየሁ፣ ሞታለች አልኩ። በኋላ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች።

"መጣሽ እንዴ፣ ቀልቃላ" አለች። "በረዶ መታሽ አሉ።"

"መታኝ።"

"ምንም አልተረፈሽም?"

"ምንም።"

"እሰይ" አለች። እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ የነጠላዬን ጫፍ ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

ሹሙ ጎንበስ አለ። "እማማ ደብሪቱ፣ አሁን እንኳ ለነፍስዎ ብለው ይቅር ብያለሁ ይበሉ።"

"አልልም።"

"ለምን እናቴ? በሰማይ ምን ይላሉ?"

"በሰማይ እናቷን አገኛታለሁ። የዚያን አውራ ዶሮ ነገር እንጨርሰዋለን።" ወደ ምራቷ ዞረች። "ወለላ፣ ይቺን ሴት እያት። ደህና አድርገሽ እያት። የቤታችን ጠበኛ ይቺ ናት።"

"እሺ እማማ" አለች ወለላ። ከዚያም ወደ እኔ ቀና ብላ፣ በዚያ ማር በሆነ ድምፅዋ፣ "እንደምን ዋሉ እትዬ? ምሳ በልተዋል?" አለችኝ።

በቃ፣ ገብሴ ጠፋ አልኩ በልቤ።

ደብሪቱ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ጠበኛ ለቅሶ ቤት አይገባም፤ ማዶ ቆሞ ቀብሩ ሲያልፍ ያያል፣ አያለቅስም። ወጉ ነው። ቆምኩ። ባሌን ስቀብረው እንኳ እንዲህ የሚከብደኝ አይመስለኝም፤ ይኼን ለራሱም ነግሬዋለሁ።

በዚያው ወር ሰላሜ ስንዴ ላይ ዋግ ወረደ። ስንዴው አንድ ዓይነት ስለሆነ ዋጉም ማንን ልምረጥ አላለም። ከወረዳው ጫፍ እስከ ወረዳው ጫፍ ምንጣፉ ዝገት መሰለ። ቁመት ለኪው ዘንጉን ይዞ ዞረና ጉዳቱ በሁሉም ማሳ እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ማንም በማንም አልቀናም። የፍቅር መሥሪያ ቤት በዚያ ዓመት እኛን አንደኛ አወጣንና ከነሐስ የተሠራ የስንዴ ዛላ ሸለመን፤ አደባባይ ላይ ተሰቀለ። የራበው ሰው ሁሉ በሥሩ እያለፈ ቀና ብሎ ያየው ነበር።

ከዚያ ሰው ወደ እኔ ደጅ ይመጣ ጀመር፣ የደብሪቱ ባቄላ እኔ ጋ እንዳለ ያውቃላ። በእኛ አገር ግን ዘር ያለ ጠብ አይሰጥም። ስለዚህ ተሰልፈው ሊጣሉኝ መጡ።

"አንቺ አንጓች፣ አንቺ አስቀያሚ!" ይላል አንዱ፤ ወዲያው ደግሞ "ይቅርታ እትዬ፣ ልጆቹ ስለራባቸው ነው" ይላል።

"ሂድ፣ ለምደህ ና" እለዋለሁ። አንጀቴ ቢበላም ይቅርታ ለሚጠይቅ ሰው ዘር አላምንም። እልኸኛ ሆኖ የተገኘ እፍኝ እፍኝ ይዞ ሄደ። አንድ ማታ ሹሙ ራሱ መጣ። ክሳቱ ያሳዝናል። "እኔንም ይጣሉኝ እትዬ" አለኝ። "በጓሮዬ የምዘራት ያህል።" ሊቆጣ ሞከረ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ አልሆነለትም፤ እንባው መጣ። ጥሬ ባቄላ ለዘር አልሰጠሁትም፤ ቀቅዬ አበላሁት።

የስድብ ቀን ደረሰ። ወረድኩ። ወለላ እንደምትመጣ አላመንኩም፤ ብትመጣም ባዶ እጇን ትመጣለች ብዬ ነው። ደብሪቱ ሰፊ ዘመድ ነበራት፣ ተዝካሯ ትልቅ እንደነበር ሰምቻለሁ። ውሃው ዳር ቆሜ የባቄላውን ቅል አቅፌ ጠበቅሁ።

ወለላ መጣች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ቅል ይዛ።

"እንደምን ሰነበቱ እትዬ?" አለች።

"ሰላምታሽን ለወዳጅሽ! ገብሴ የታለ?"

"አለ።"

"ተዝካሩ ላይ…"

"ጎረቤቶች 'ይጠመቅ' ብለው ነበር። 'የጠበኛችን ነው' አልኳቸው። ተቆጡኝ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "በይ አምጪው" አልኳት። "ሁሉንም አምጪ። ማሳዬ ራቁቱን ነው።"

ወለላ ቅሉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ከጉብታዬ በላይ ያለውን ሰማይ አየች።

"ሁሉንም አልሰጥዎትም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ግማሹ እኛ ጋ ይቀራል። እርስዎን አላምንዎትም።"

"የገዛ ዘሬን? የእናቴን ገብስ?"

"የእናትዎን ገብስ ዘንድሮ ለበረዶ ያበሉት ማን ሆነና!" ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ እጇ ግን ቅሉን አልለቀቀም። "በዚያ ራሰ በራ ጉብታዎ ላይ በረዶ ሲመጣ ገብሱ የት ይግባ? አንድ ቋጥኝ አልዎት፣ እሱን ለባቄላችን ሰጥተው የራስዎን ሜዳ ላይ አሰጡት! እንዲህ ያለ ገበሬ አይቼ አላውቅም! ነገ እንደገና ቢያጠፉት ማንን ልስደብ?"

ከድንጋዩ ላይ ብድግ አልኩ።

ተሻግራ መጥታ ቅሉን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ባቄላዋን ከእቅፌ ወሰደች፣ እፍኝ ዘገነች፣ ወደ ፀሐይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። "ይኼም ሲታሽ ተሰባብሯል፣ እጅ የለዎትም" አለችና ሳትሰናበተኝ ሄደች። "አንቺ የማታፍሪ!" ብዬ ጮኽኩባት። ዞርም አላለች።

ቅሉን ከፈትኩት። እስከ አንገቱ እንኳ አልሞላም። ጥቁሩ ገብስ ግን ያው ነው፣ ፂሙ እጄን ወጋኝ። እየተሳደብኩ ዳገቱን ወጣሁ። ቢሻው ከሩቅ ሲያየኝ ሰው የሞተብኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

"ምነው አንጓች? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

"ሰደበችኝ" አልኩት። "ያቺ ልጅ አጥንት የሚሰብር ስድብ ሰደበችኝ።" ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ፣ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ፣ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።